አሰጋሽ የሰጠችው ቃል

አሰጋሽ ስትቆጣ ሰሊጥ ተራው ከዳር እስከ ዳር ይሰማል። ሸካሞቹ ጆንያ በትከሻቸው እንደያዙ ቆም ይሉና "ዛሬ ደግሞ ማን ላይ ወረደች?" ይባባላሉ። ክፉ ሆና አይደለም። አፏ ነው እንጅ ሆዷ ባዶ ነው። ሰድባህ ዞር ሳትል ውኃ ጠጣ ትልሃለች።

የጭልጋ ሰው ናት። ባሏ ሑመራ እርሻ ላይ ወባ ይዞት ከሞተ በኋላ ከሰሊጥ አጫጆች ጋር ድንበር ተሻግራ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገባች፣ እዚያው ቀረች። ሥራዋ ሰሊጥ ማንገዋለል ነው። በእህል ገበያው መጋዘን ጥላ ሥር ሴቶቹ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ነጋዴው ያመጣውን ሰሊጥ በሰፌድና በወንፊት አፈሩንና ጠጠሩን ይለዩለታል። ገበያው ሊበተን ሲል ደግሞ መሬት ላይ የፈሰሰውን ጠርገው ያነሳሉ። ያ ጥራጊ የእነሱ ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ዘመድ የምትለው አንድ ታምሬ ብቻ ነበር፣ የሟች እህቷ ልጅ። በሰባ ስምንት ዓ.ም. ነው የመጣባት። ልጁ በአስራ አራት ዓመቱ እንደ ማሽላ አገዳ ተመዞ አባቱን በቁመት በልጦ ነበር። ከአገር ያስወጣውም ያው ቁመቱ ነው። የብሔራዊ ውትድርናው አዋጅ "አስራ ስምንት ዓመት የሞላው" ነው የሚለው። የነሱ ቀበሌ ግን ዕድሜ ልጠይቅ የሚል ሰው አልነበረም። በጽሕፈት ቤቱ በር ላይ አንድ ዱላ አቆሙ። ጭንቅላቱ ዱላውን ያለፈ ሁሉ አስራ ስምንት ሞልቶታል ተባለ። አባቱ "ኧረ ጌቶቼ፣ አስራ አምስት እንኳ አልሞላውም!" ብሎ ቢጮህ፣ መልማዩ ምን አለው?

"ዱላው ሞልቶታል ብሏል።"

በቃ። ታምሬ ግን ከጫኑት መኪና ላይ ዘሎ ማሽላ ውስጥ ገባ፤ በመተማ በኩል ወጣ፤ አክስቱን እየጠየቀ ገዳሪፍ ደረሰ። አሰጋሽ ስታየው መጀመሪያ አላወቀችውም። ካወቀችው በኋላ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ "ምነው እንዲህ ረዘምህ አንተ? ማን ርዘም አለህ?" ብላ ተቆጣችው።

ሥራም አስገባችው። ጆንያ ከመጋዘን ወደ ሚዛን መሸከም። ሚዛኑን የሚይዘው ሽበታም የአገሬው ሰው ነበር፤ አንደበቱ መራራ፣ ሸካም ሁሉ የሚፈራው። አሰጋሽ ልጁን "ያን ሰውዬ እንደ አባትህ እየው፣ ቀና ብለህ አትመልስለት" ብላ መክራዋለች። ታምሬም እሺ ብሎ አንድ ዓመት ያህል ተሸከመ፣ ክፉ አልወጣውም።

በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ጥር ላይ ነው ነገሩ የመጣው። አሰጋሽ ውኃ ልትቀዳ ወጣ ብላ ነበር። ስትመለስ ገበያው ተተራምሷል። ታምሬን ሁለት ፖሊሶች ግራና ቀኝ ይዘውታል። ሚዛን ያዡ አፉን በመሐረብ ይዞ ደም ይተፋል፤ የፊት ጥርሱ ወልቋል። የእሷም ወንፊት ተገልብጦ፣ ቀኑን ሙሉ ያጠራችው ሰሊጥ አፈር ላይ ፈሷል።

"ምን ሁናችሁ ነው?" አለች።

"የእህትሽ ልጅ ሽማግሌውን በቡጢ አለው" አለቻት በላይነሽ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው አንገዋላይ። እሷም መጨረሻውን ነው እንጅ መጀመሪያውን አላየችም።

ከዚያ በኋላ አሰጋሽን ማን ይያዛት! ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ከፖሊሶቹ ኋላ እየሮጠች፣ እስከ ጣቢያው ድረስ ስትወርድበት ሄደች። ታምሬ አንገቱን ደፍቶ ይራመዳል። አንድ ጊዜ ብቻ "እትዬ፣ ስሚኝ እንጅ" ቢላት፣ "ምን ልስማህ? ያንተን ጥፋት ጥርሱ ተናግሯል!" አለችው።

ጣቢያው ውስጥ ሻዊሹ ተቀምጧል። እዚያ አገር የፖሊስ ሃምሳ አለቃውን ሻዊሽ ነው የሚሉት። አሰጋሽ ዓረብኛዋ የገበያ ነው፤ ለመስፈርና ለመጣላት ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም።

"አንቺ ለሱ ማን ነሽ?" አላት ሻዊሹ።

"ኻልቱ!" አለች፣ አክስቱ ነኝ ማለቷ ነው።

ሻዊሹ ብዕሩን አነሳ። ልጁን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ "አል-ወለድ ባሊግ?" አላት።

አሰጋሽ ይችን ቃል ስትሰማ ደስ አላት። ሰውየው በአማርኛ የሰደበላት ነው የመሰላት። ሐበሻ የበዛበት ከተማ ነው፤ ፖሊሶቹም አንዳንድ ቃል ይለቅማሉ። "አየህ!" አለችው ታምሬን፣ "ሻዊሹ እንኳ አውቆሃል!" ከዚያ ደረቷን እየመታች፣ በዓረብኛ አዎን እያስቀደመች፦

"አይዋ! ባለጌ! ወላሂ ባለጌ! አሳዳጊ የበደለው ባለጌ!"

ታምሬ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሁኖ "አሳዳጊየ አንቺ አይደለሽ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ዝም በል!"

ሻዊሹን ገረመው። እዚያ የሚመጣ ዘመድ ሁሉ ልጄ ገና ሕፃን ነው እያለ ያለቅሳል እንጅ እንዲህ የሚል አይቶ አያውቅም። እርግጠኛ ለመሆን "ባሊግ?" ብሎ ደገመላት።

"ባለጌ!" አለች።

ጻፈ። አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስፈረማት። አሰጋሽም ጥሩ ያሳደገ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ ብላ ወጣች። በሰው ፊት አጥፍቷል፣ በሰው ፊት ተቆጣሁት፣ አይተው ይለቁታል ብላ ነው ያሰበችው።

አለቀቁትም። በማግሥቱ ዳቦ ይዛ ብትሄድ ልጁ የለም። ወደ ትልቁ እስር ቤት ወስደውታል፣ ከነፍሰ ገዳዩም ከሌባውም ጋር።

ወሬውን ያመጣላት ሙሐመድኑር ነው። የጎንደር እስላም ነው፤ በሰሊጥ ተራው አፍ ላይ ስኳርና ሳሙና የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ሻዊሹ ሲጋራ የሚገዛው ከእሱ ነው። ሱቁን ለሌላ ሰው ትቶ አሰጋሽ ወዳለችበት መጣና ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

"አሰጋሽ እህቴ፣ ምን ነክቶሽ ነው?"

"ምን ነካኝ?"

"ልጁ ያልደረሰ ቢሆን እኮ የነሱ ሕግ ሌላ ነው። ከአዋቂ ጋር አይታሰርም፤ መክረው ለዘመዱ ይሰጡታል። አሁን ግን እንደ አዋቂ ነው የሚፈረድበት። ሲጨርስ ደግሞ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ መኪና ላይ ጭነው በጋላባት በኩል ይመልሱታል እየተባለ ነው።"

አሰጋሽ ሰፌዱን አስቀመጠች። ከጋላባት ድልድዩን ሲሻገሩ መተማ ነው። መተማ ላይ የሚጠብቀው ያ ዱላ ነው።

"አዋቂ ነው ያለው ማነው?" አለች። "ማነው የሐሰት ምስክር?"

"አንቺ ነሻ!"

"እኔ?"

"ሻዊሹ ራሱ ነው የነገረኝ። የገዛ አክስቱ ደረቷን እየደቃች ባሊግ ነው ብላ ፈረመች አለኝ።"

"ባለጌ ነዋ ያልኩት!"

ሙሐመድኑር ነገሩ ገባው። ከዚያ ሳቁ መጣበት። እንዳይስቅ አልቻለም፤ እንዲስቅ ደግሞ ነገሩ ከባድ ነው። ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ቆየ።

"ምን ያስቅሃል አንተ ሰው?"

"እህቴ... ባሊግ ማለት በነሱ ቋንቋ ለአቅመ አዳም የደረሰ ማለት ነው። ያደገ። ሙሉ ሰው።"

"እንግዲህ እነሱ ዘንድ መባለግ ማደግ ነዋ!" አለች በላይነሽ ከጎን፣ ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። አሰጋሽ ግን አልሳቀችም። ፊቷ አመድ መሰለ።

"እዚያ ዱላ አስረጀው፣ እዚህ ደግሞ የኔ ምላስ" አለች።

ሴቶቹ ሳቃቸውን ተዉና ምክር ጀመሩ። አንዷ ጢሙን ይላጭ፣ አንዷ ዳኛ ፊት ጉልበቱን አጥፎ ይቁም፣ አንዷ ደግሞ አንቺ ወላሂ ሰክሬ ነበር በይ አለች። አሰጋሽ ሁሉንም ሰማችና ራሷን ነቀነቀች።

"ምን ሆንኩና ነው የምዋሽ? እውነቱ የኔ ነው። ልጁ ልጅ ነው። ያበላሸሁት በአፌ ነው፣ የማቀናውም በአፌ ነው። ሙሐመድኑር፣ አንተ ዓረብኛውን ታቀናልኛለህ፤ የቀረውን ለኔ ተወው።"

"አትፈሪም?"

"እኔ? ዳኛው ይፍራ!"

የችሎቱ ቀን አሰጋሽ ቀሚሷን አጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ከሙሐመድኑር ጋር ገባች። ክፍሉ በሰው ታፍኗል፤ የገበያው ሸካም ግማሹ እዚያ ነው። ዳኛውን ሞላና ነው የሚሉት፣ መነጽር ያደረገ፣ ቀጠን ያለ ሰው ነው። ሚዛን ያዡ ከፊት ተቀምጧል። ታምሬን ሲያስገቡት አሰጋሽ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከስቷል፣ ቁመቱ ግን አልቀነሰም። ከአጃቢው ፖሊስ በጭንቅላት ይበልጣል። ስለ ቃሉ የሚያውቀው ነገር የለም፤ እንድታየው አልፈቀዱላት፣ አልነገረችውም።

ሙሐመድኑር ተነስቶ ጉዳዩን አስረዳ። ሞላና እስኪጨርስ ሰማው።

"ያ ሐጃ" አላት አሰጋሽን፣ እዚያ አገር እማማ እንደ ማለት ነው፣ "በጣቢያው ባሊግ ነው ብለሻል። ዛሬ አይደለም ትያለሽ። እስር ቤት ገብቶ ዕድሜው ቀነሰ?"

ሰው ሳቀ። አሰጋሽ አልደነገጠችም።

"ሞላና፣ እኔ ሰደብኩት እንጅ ዕድሜውን አልተናገርኩም። በኛ አገር ባለጌ ስድብ ነው። ክፉ ስድብ! በል ንገረው ሙሐመድኑር፣ አታለስልሰው።"

ሙሐመድኑር ነገረው። ሚዛን ያዡ ግን ብድግ አለና እጁን አወናጨፈ። "ሞላና፣ ሐበሾቹ ተንኮል ያውቃሉ! ቃሉን ዛሬ ፈጥረው ነው የመጡት። እስቲ ቁመቱን እየው! ይህ ልጅ ከሆነ እኔ ጡት እጠባለሁ!"

ሞላና አገጩን አሸት አሸት አደረገ። "ቃሉን ተስማምታችሁበት ብትመጡስ በምን አውቃለሁ?" አለ። አሰጋሽ አፏን ስትከፍት በእጁ ዝም አሰኛትና ወደ ታምሬ ዞረ። ልጁን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ጮክ ብሎ፣

"ኢንተ ባሊግ?" አለው።

አንገቱን ደፍቶ የቆመው ታምሬ ቀና አለ። ፊቱ ቀላ። ስንት ቀን ሙሉ ያፈነው እንባ መጣበት።

"ኧረ እኔስ ባለጌ አይደለሁም!" አለ በአማርኛ። ከዚያ የቻለውን ያህል ዓረብኛ እየቀላቀለ፣ ጣቱን ወደ ሚዛን ያዡ ቀስሮ፣ "ላ ሞላና! አነ ባለጌ ላ! ሁወ ባለጌ! እሱ ነው ባለጌ!"

ችሎቱ በሳቅ ፈነዳ። ሸካሞቹ እየተያዩ ሳቁ፤ ሻዊሹ ግድግዳ ተደግፎ ሳቀ። ሞላና መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ።

"እሱ ባሊግ መሆኑንስ እኔም አይቻለሁ" አለ የሽማግሌውን ሽበት እያሳየ። "እሱ የባለገው ከአርባ ዓመት በፊት ነው።"

ሙሐመድኑር ይህን ለአሰጋሽ ሲያደርስላት እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

ሳቁ ሲበርድ ሞላና ረጋ ብሎ ልጁን "ለምንድነው እንዲህ የምትለው?" አለው።

ታምሬ ነገረው። አክስቱ ውኃ ልትቀዳ በሄደችበት ሚዛን ያዡ መጥቶ "ይችን ሐበሺያ እወቋት፣ ጥራጊ እንዲበዛላት ጆንያ በምላጭ የምትቀድ ሌባ ናት" አለ። ልጁ ዝም አለ፣ እንደ አባትህ እየው ተብሏልና። ሰውየው ወንፊቷን በእግሩ መትቶ ገለበጠው። ያን ጊዜ ነው እጁ የተነሳው።

ሙሐመድኑር እየተረጎመ ሳለ አሰጋሽ ልጁን ነው የምታየው። ወንፊቱ በጠብ መሃል የተገለበጠ ነበር የመሰላት። "ስሚኝ እንጅ" ያላት ትዝ አላት።

ሞላና ሚዛን ያዡን አየው። ሰውየው አልካደም፤ ግንባሩን አኮማትሮ መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

"እሺ" አለ ሞላና፣ "ቃሉ በናንተ ስድብ መሆኑን ተቀብያለሁ። ዕድሜውን ግን ማን ይነግረኛል? ያለ ማስረጃ አልለቅም።"

አሰጋሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ሞላና፣ ንጉሣችን ከዙፋን የወረዱ ጊዜ ታስታውሳለህ?"

"ማን የማያስታውስ አለ? ተማሪ ነበርኩ፤ ሬዲዮ ከበን ነው የሰማነው።"

"ልጅ ጡት እንዲጥል በኛ አገር ከእናቱ ለይተን አክስቱ ቤት እናቆየዋለን። ታምሬን እኔ ቤት ያመጡት በዚያው ሳምንት ነው። ሌሊትም ቀንም እሪ! የሚቀርብለትን አይበላ፣ የሚያባብለውን አይሰማ። ወታደሮች ሰፈሩን ሲዞሩ ለቅሶውን ሰምተው በሬን ደበደቡ። 'ለንጉሡ የሚያለቅሰው ማነው?' አሉኝ። ይኸው ብየ አሳየኋቸው። እነሱም ስቀው ሄዱ። እንግዲህ አንተ ቁጠረው ሞላና። ያን ጊዜ ጡት የሚለምን ዛሬ በምን ሒሳብ ነው አስራ ስምንት የሚሞላው? ቁመቱ ቸኮለ እንጅ እሱ አልቸኮለም!"

ሙሐመድኑር ይህንን ሲተረጉም እያንዳንዷን ነገር አጣፍጦ ነው። ሞላና በጣቱ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።

"ባሊግ አይደለም" አለ።

ልጁ ለአክስቱ ይሰጥ ተባለ። እጁን ስላነሳ ሽማግሌውን ይቅርታ ይጠይቅ፤ ሽማግሌውም ሴትዮዋን በሰው ፊት ሌባ ስላለ በሰው ፊት ይመልስ ተባለ። ታምሬ ቀረብ ብሎ የሰውየውን ትከሻ ሳመ። ሚዛን ያዡም በወለቀው ጥርሱ በኩል ቃሉ እያፏጨበት "ማሌሽ፣ ሌባ አይደለሽም" አላት፤ እዚያ አገር ይቅርታ ማሌሽ ነው። አሰጋሽ አላከረረችም። "ቅባት እልክልሃለሁ፣ ድድህን ቀባው" አለችው።

ሊወጡ ሲሉ ሞላና ጠራት። "ያ ሐጃ፣ ሌላ ጊዜ ስትቆጪ ሌላ ስድብ ፈልጊ።"

"እሺ ሞላና፣ አንተ የሚያውቅ ሰው ነህ፣ አንድ ጥሩ አስተምረኝ!"

ወደ ገበያው ሲመለሱ ታምሬ ከፊት ከፊት ይራመዳል፣ እሷ ትከተላለች። ልታመሰግነው ፈልጋለች። አንደበቷ ግን የለመደው ቁጣ ነው፣ ምስጋና አላሠለጠነችውም።

"ለምን አልነገርከኝም አንተ ባ..." ብላ ጀመረችና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ታምሬ ዘወር አለ። "ምን ልትይ ነበር እትዬ?"

"ልጄ ልልህ ነበር።"

"'ባ' ብለሽ ነው እኮ የጀመርሽው።"

"ዝም ብለህ ሂድ!" አለችው፣ ሁለቱም ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያ ቃል ገበያውን ሁሉ ገባ። ሸካሞቹ አገሬውም ሐበሻውም ታምሬን "ባሊግ" እያሉ መጥራት ያዙ። እሱም መጀመሪያ ይቆጣ ነበር፣ ኋላ ለመደው። አሰጋሽ ግን እሷ ፊት ማንም እንዲጠራው አልፈቀደችም። "ጊዜው ሲደርስ እኔ ራሴ እለዋለሁ፤ አንድ ጊዜ ቸኩየ ያየሁትን አይቻለሁ" ትል ነበር።

በሰማንያ ሁለት ዓ.ም. ታምሬ ትራክተር መንዳት ተምሮ ፋው በሚባለው ትልቅ እርሻ ላይ ሥራ አገኘ። ለሥራው መታወቂያ ያስፈልገው ነበርና አክስቱን ይዞ እዚያው ጣቢያ ሄደ። ያ ሻዊሽ ሽበት ጀምሮታል እንጅ ያው ነው። ሁለቱንም ሲያይ ገና ከበሩ ፈገግ አለ። ብዕሩን አነሳ፤ ልጁን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ ከዚያ ወደ አሰጋሽ ዞሮ፣ ቃሉን ጎተት እያደረገ፣

"ባሊግ?" አላት።

ታምሬም ወደ እሷ ዞረ። አሰጋሽ አልቸኮለችም። በልቧ ቆጠረች፤ ከጡቱ ለቅሶ አንስታ በዱላው፣ በችሎቱ አልፋ ቆጠረች። ሞልቷል።

"አይዋ" አለች ደረቷን ነፍታ። "አሁን ጻፈው። ባሊግ ነው።"

አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ታምሬ ዞራ በአማርኛ፣

"ባለጌስ ብትሆን ወዮልህ!" አለችው።